አራተኛ ፎቅ ለእናቴ ከበዳት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እናቴ በ60 ዓመቷ ጡረታ ከወጣች 12 ዓመት ሆናት። አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምትኖረው። ሊፍት የለውም። ዘንቢሏን ይዛ ስትወጣ በየፎቁ ትቆማለች፤ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ አንዱ ጉልበቷ ላይ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚያወጣላት የጎረቤት ልጅ ነው።

«እኔ ጋ ሰሚት ነይ» ብላት አሻፈረኝ አለች። ቤተ ክርስቲያኗ፣ እድሯ፣ ቡና የምትጠጣቸው ሰዎች ሁሉ እዚያው ናቸው። እውነቷን ነው። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ደግሞ የሚያነሱት ጧሪ ቀባሪ ያጡትን ነው፤ እግዜር ይስጣቸው።

በመጨረሻ ቤቷን አከራይተን እዚያው ሰፈር ምድር ቤት ተከራየንላት። ግማሽ ቀን የምታግዛት ልጅም አገኘን። መታጠቢያ ቤቱ ያንሸራትት ነበር፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አስገጠምኩ። ወላጆች ያላችሁ፣ ሳይወድቁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አማክሯቸው። ምርጫው የነሱ ይሁን።

አከራዮችንም እለምናለሁ። ቤት ስንፈልግ ሁለት ቦታ «ለብቻዋ አሮጊት አናከራይም» ተብለናል። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር።

አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ