ስለ ፈጣኑ ኮምፒውተር ስትጽፉ የዘለላችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ዓለም ፈጣን ኮምፒውተሮች ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ። የኮሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ብዛት፣ የሚበላው መብራት፣ የወጣበት ገንዘብ ተዘርዝሯል። በሴኮንድ ስንት ስሌት እንደሚሠራም ተጽፏል። ግን ምን ሲሠራ ነው ያን ያህል የፈጠነው? ይህን የሚመልስ አንድ መስመር አጣሁ። እኔ ለተመራማሪዎች ሰርቨር አሰናድቼ የማስረክብ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

መልሱ አጭር ነው። ኮምፒውተሩ የሚለካው አንድ ትልቅ የእኩልታዎች ስብስብ ተሰጥቶት ሲፈታ ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያለን ኤክስንና ዋይን ፈልጉ እየተባልን የፈታነው ዓይነት፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ያለው ፍሮንቲየር የተባለ ኮምፒውተር በ2022 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) 1.102 ኤክሳፍሎፕስ ሲመዘገብለት፣ የሚፈለጉት ያልታወቁ ቁጥሮች ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። አንድ ኤክሳፍሎፕስ በሴኮንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት ነው።

ፈተናው ሲጀመር እንዲህ ግዙፍ አልነበረም። በ1979 ሊንፓክ ለተባለ የሶፍትዌር ጥቅል በወጣው መመሪያ ላይ በአባሪነት የገባ ሰንጠረዥ ነው። ማትሪክሱም፣ ማለትም የእኩልታዎቹ ቁጥሮች በረድፍና በዓምድ የሚደረደሩበት ሠሌዳ፣ 100 በ100 ብቻ ነበር። ከመመሪያው አዘጋጆች አንዱ ጃክ ዶንጋራ በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማት የ2021ን ወስዷል። የተሸለመው ግን ማሽን ሠርቶ ሳይሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ስሌት ሶፍትዌር ሲጽፍ ኖሮ ነው። ለዚያውም በነጻ የሚታደል ሶፍትዌር። ኔትሊብ የሚባለው ማከፋፈያ በ1985 ሲጀምር አሠራሩ ደስ ይል ነበር። የምትፈልጉትን ፕሮግራም ስም በኢሜይል ትልካላችሁ፤ ኮዱ በኢሜይል ይመለስላችኋል።

«ኮሩ ከበዛ ሥራው ይፈጥናል» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ዛሬ ማባዛትና መደመር ርካሽ ነው። ውዱ ነገር ቁጥሩን ከሜሞሪ ፕሮሰሰሩ ድረስ ማምጣት ነው። ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው መላክማ ጭራሽ ይብሳል። አንድ ራስ ሽንኩርት በተፈለገ ቁጥር መርካቶ መውረድ ማለት ነው። ስለዚህ ማትሪክሱ በትንንሽ ብሎኮች ይከፈላል። አንዱ ብሎክ አንዴ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ከደረሰ፣ የሚቻለው ስሌት ሁሉ እዚያው ይሠራበታል። ሁለት 1000 በ1000 ማትሪክሶችን ስናባዛ የምናመጣው 2 ሚሊዮን ቁጥር ነው፤ የምንሠራው ስሌት ግን ወደ 2 ቢሊዮን ይጠጋል። እያንዳንዱ ቁጥር 1000 ጊዜ ያገለግላል። በ1992 የወጣው ላፓክ የተባለ የሶፍትዌር ጥቅል የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ከዚያ ስካላፓክ ተከተለ። እሱ የተጻፈው ሥራውን በገመድ ለተያያዙ ብዙ ማሽኖች ለመከፋፈል ነው። ክፍፍሉ ራሱ ብልሃት ይጠይቃል። ለአንዱ ማሽን የማትሪክሱን ግራ፣ ለሌላው ቀኙን ብትሰጡ፣ ስሌቱ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የግራው ቀድሞ ጨርሶ ቁጭ ይላል። ስካላፓክ ግን ብሎኮቹን በየተራ እያዞረ ያድላል። እስከ መጨረሻው ድረስ ሥራ የሚፈታ ማሽን አይበዛም።

ሌላም ጣጣ አለ። በኮምፒውተር ላይ የመደመር ቅደም ተከተል መልሱን ይለውጣል። 10 ኳድሪሊዮን ላይ 1 ደምራችሁ 10 ኳድሪሊዮን ብትቀንሱ፣ የተለመደው የ64 ቢት ስሌት 0 ይላችኋል። መጀመሪያ ቀንሳችሁ 1 ብትደምሩ ግን 1 ይላል። ያው ሥራ በ8 ኮርና በ32 ኮር ሲሠራ መጨረሻ አሃዞቹ ላይ የሚለያየውም ኮሮቹ የሚደምሩበት ቅደም ተከተል ስለሚቀየር ነው። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። አልተበላሸም።

ወደ እኛው ቤት ልምጣ። አንድ ተቋም፣ ስሙ ይቅር፣ ባለ 32 ኮር ሰርቨር ገዛ። ሪባን ተቆረጠ። የስንዴ ዝርያ መረጣ ላይ የምትሠራ አንዲት ተመራማሪ ግን አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ስሌቷን ማታ አስጀምራ ውጤቱን ጠዋት ነበር የምታገኘው። ገብቼ ሳየው 31 ኮር ተኝቷል። ማትሪክስ የሚያባዛው ላይብረሪ፣ ብላስ የሚባለው፣ የተጫነው በማመሳከሪያ ቅጂው ነው። እሱ ደግሞ የሚሮጠው በአንድ ኮር ብቻ ነው። ሁሉንም ኮር በሚያሠራው ቅጂ፣ በኦፕንብላስ ቀየርኩት። ከእሷ ኮድ አንዲት መስመር አልነካሁም። ቡና አፍልተን በረካ ሳይደርስ ስሌቱ አለቀ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ተመራማሪ እዚያው ሰርቨር ላይ 32 ፕሮግራም በአንዴ አስነሣ። እያንዳንዱ ደግሞ 32 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ ክር) ከፈተ። 1,024 ትሬድ በ32 ኮር ላይ ሲጋፋ ሰርቨሩ ከላፕቶፕ ያነሰ ሆነ። መፍትሔው አንድ መስመር ቅንብር ነው። ግን ያቺን መስመር የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። እሱን የሚቀጥር በጀት የለም። ለኤሲው አለ፣ ለጀነሬተሩ አለ። ስጠይቅ «ሶፍትዌሩ ነጻ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ነጻ ነው እንጂ! ራሱን ግን አይጭንም።

የግዥ ሰነድ ለሚያዘጋጁ አንድ ነገር ልበል። «ስንት ኮር» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ተመራማሪዎቹ በየቀኑ የሚሠሩበት ፕሮግራም ርክክብ ላይ ይሩጥ፤ በአንድ ኮርና በሁሉም ኮር የፈጀው ጊዜ ተለክቶ ሰነዱ ላይ ይፈረምበት። ሻጩ ያኔ ሶፍትዌሩን ሳይወድ በግዱ ያስተካክላል።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የፈጣኖቹ ዝርዝር በየዓመቱ ሰኔና ኅዳር ላይ ይወጣል። ኤችፒሲጂ የሚባል ሌላ መለኪያም አለ። እዚያ ማትሪክሱ በአብዛኛው ዜሮ ነው፤ የድልድይ ወይም የፈሳሽ ፍሰት ስሌት ላይ እንደሚያጋጥመው። ስሌቱ ትንሽ፣ ቁጥር ማመላለሱ ብዙ ነው። ፍሮንቲየር በዚህ የተመዘገበለት 14 ፔታፍሎፕስ (የኤክሳፍሎፕስ አንድ ሺኛ) ገደማ ነው። ይህ በፊት ከጠቀስኩት ውጤቱ ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቀጣዩ ዝርዝር ሲወጣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ