ለጋሻ ጃግሬው ልጄ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ብርዱ እስኪጠና ድረስ ታግሦኛል። የዛሬ ወር ገደማ ደውለህ፣ ያ ትልቅ መሥሪያ ቤት ያቀረበልህን ሥራ ትተህ ጓደኛህ ባቋቋመው ድርጅት ውስጥ የእርሱ ሁለተኛ ሰው ሆነህ ለመቀጠል መወሰንህን ስትነግረኝ ዝም አልሁህ፤ ዝምታዬ ሲረዝምብህ ደግሞ «እማዬ፣ ሁሉም ሰው ባትማን ሊሆን አይችልም፤ ለእኔ ሮቢን መሆን ይበቃኛል» ብለህ ሳቅህ። ያን ቀን መልስ ያልሰጠሁህ ተቀይሜህ ሳይሆን፣ የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ልከራከርህ ስላላማረኝ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ወደ ምድር ቤት ወረድሁና ኮሌጅ ስትገባ ትተሃቸው የሄድሃቸውን ሁለት ካርቶኖች ፈትቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ሻዬን ይዤ፣ በላስቲክ የሸፈንሃቸውን የባትማን የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች አንድ በአንድ ሳነብ ሰነበትሁ። እጄን ታጥቤ ነው የነካኋቸው፤ አትጨነቅ።

ልጅ ሳለህ ይህን ጨዋታህን አልወደውም ነበር። ከዚሁ ከጓደኛህ ጋር በግቢው ውስጥ ስትሯሯጡ ዋናው ጀግና ሁልጊዜ እርሱ ነበር፤ አንተ የወጥ ቤቴን ቢጫ ፎጣ አንገትህ ላይ አስረህ ከኋላው ትከተላለህ። አባትህ ነፍሱን ይማረውና ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን «ልጄ የሰው ጋሻ ጃግሬ ሆኖ ሊቀር ነው» እያልሁ በሆዴ እበግን ነበር። በቀድሞው ዘመን ጋሻ ጃግሬ ማለት ጌታው ሲዘምት ጋሻውን ተሸክሞ ከጎኑ የማይለይ፣ በጭንቅ ሰዓት መሣሪያ የሚያቀብል፣ ጌታው ቢወድቅ እንኳ አስከሬኑን ለጠላት ጥሎ የማይሸሽ ሰው ነበረ። እኔ ነፍስ ባወቅሁበት ዘመን ግን ቃሉ ክብሩ ተገፎ፣ የባለሥልጣን ጭራ እየተከተለ የሚያጨበጭበውን ሁሉ የምንሰድብበት ሆኖ ነበር። አንተን ከዚያ ፎጣ ጋር ሳይህ የሚታየኝም ይኸው የኋለኛው ትርጉም ነበር።

ባትማን እ.ኤ.አ. በ1939 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመ ጊዜ ብቻውን ነበር፤ ወላጆቹ በልጅነቱ ፊቱ የተገደሉበት፣ ሌሊት ጥቁር ካባ ለብሶ ወንጀለኛ የሚያሳድድ ሀብታም ሰው። ልጅ ረዳቱ ሮቢን የመጣው ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1940፣ «ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት 38ኛ ቁጥር ላይ ነው። ከቦብ ኬን ጋር ባትማንን የፈጠረው ጸሐፊ ቢል ፊንገር ለምን ልጁ እንዳስፈለገ ሲያስረዳ የተናገረውን ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ። እኔ የሚደባደብለት ረዳት ፈልገው ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ ባትማን የሚያነጋግረው ሰው ስላልነበረው ኖሯል! ሼርሎክ ሆምስ ዋትሰንን የመሰለ ወዳጅ ሲኖረው፣ ባትማን ግን በየገጹ ብቻውን ሲያሰላስል መዋሉ ጸሐፊውን አሰለቸው። ሠዓሊው ጄሪ ሮቢንሰን ስሙን ከሮቢን ሁድ ወሰደለት፤ የሰርከስ አክሮባት የነበሩት ወላጆቹ ወንጀለኞች ባበላሹት ገመድ ምክንያት ወድቀው የሞቱበት ዲክ ግሬሰንም እንዲህ ሆኖ ከባትማን ቤት ገባ።

የሚያነጋግሩት ሰው ማጣት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እዚህ አገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሌሊት ፈረቃ ስሠራ፣ ራሴው ጠይቄ ራሴው እየመለስሁ ነበር ወደ ቤት የምመለሰው፤ አንድ ሌሊት በአውቶቡስ መስኮት ላይ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቼ አፍሬ ዝም ብያለሁ። አንተ ተወልደህ አፍህን እስክትፈታ ድረስ በአማርኛ እንደ ልቤ አልተናገርሁም። ስለዚህ የሮቢንን ሥራ ከዚህ ወዲያ አልንቀውም፤ ያ ሁሉ ጡጫና ዝላይ ለገበያው ነው፣ ዋናው ሥራው ዝምተኛውን ሰውዬ ማናገር ነው።

ገበያውም ደራላቸው መሰለኝ፣ በ1941 ካፒቴን አሜሪካ የተባለው ጀግና ባኪ ከሚባለው ልጅ ረዳቱ ጋር ወጣ፣ ሌሎቹም ጀግኖች በየተራ አንድ አንድ ልጅ ከኋላቸው አስከተሉ። በዚህ ላይ እንደ እናት የምለው አለኝ፤ ጥይት በሚዘንብበት ቦታ ልጅ ይዞ የሚገባ ሰው ጀግና መባሉን ተዉትና፣ ይህ ልጅ መቼ እንደሚተኛ የሚያሳይ ገጽ ከሁለቱ ካርቶኖች ውስጥ አላገኘሁም። ዲክ ግን ዕድለኛ ነበር፤ አደገ፣ ከባትማን ጋርም ተጋጨ፣ በ1984 የሮቢንነቱን ልብስ አስረክቦ ናይትዊንግ በሚል በራሱ ስም ቆመ።

ወደ ሁለተኛው ሮቢን ልምጣ፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍልህ ያደረገኝ እርሱ ነው። ጄሰን ቶድ በ1983 ሲገባ ከዲክ ብዙም የማይለይ ልጅ ነበር፤ ኋላ ግን ታሪኩን እንደገና ጻፉትና የባትማንን መኪና ጎማ ሲፈታ የተያዘ የጎዳና ልጅ አደረጉት። ቁጡ ነው፤ የታዘዘውን ሁሉ አይፈጽምም፤ አንባቢዎቹም ብዙዎቹ አልወደዱትም። በ1988 ጂም ስታርሊን በጻፈው፣ ጂም አፓሮ በሣለው ታሪክ ውስጥ ይህ ልጅ ያሳደገችው ሴት የወለደችው እናቱ አለመሆኗን ይደርስበታል፤ ከዚያም ወላጅ እናቱን ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ሊባኖስ ደረሰ። ከዚያ ገጹን ስገልጥ «ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ አየሁ፤ ድርቅ፣ ድንኳን፣ የተሰለፈ ሕዝብ። መጽሔቱን ዘግቼ መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ፤ ቀጣዩን ያነበብሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

እናቱ ሺላ ሄይዉድ በእርዳታ ጣቢያ የምትሠራ ሴት ናት፤ የቀድሞ ኃጢአቷን የሚያውቀው የባትማን ቀንደኛ ጠላት ጆከር መድኃኒቱን እንድታስረክበው ያስፈራራታል፤ እርሷም ራሷ ከእርዳታው ገንዘብ ስትሰርቅ የኖረች ናት። ልጁ ሊያድናት ብሎ ሮቢን መሆኑን ይገልጥላታል፤ እርሷ ግን ይዛው ሄዳ ለጆከር ታስረክበዋለች። በብረት ዘንግ ተቀጥቅጦ ከተጣለ በኋላ ሁለቱም መጋዘኑ ውስጥ ከቦምብ ጋር ተቆለፈባቸው፤ ልጁም በዚያ በተሰባበረ ገላው የእናቱን እስራት ፈታ፣ በሩ አልከፈት ሲል ደግሞ በሰውነቱ ከለላት። ባትማን የደረሰው ከፍንዳታው በኋላ ነው። (ከዚያ በኋላ ጆከር የኢራን አምባሳደር ሆኖ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይቀርባል፤ ይህን እንኳ ጸሐፊው ደክሞት የጻፈው ነው ብዬ አልፌዋለሁ።)

ልጄ፣ በ1977 ዓ.ም. የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ በኮረም መጠለያ በጤና ረዳትነት መሥራቴን ታውቃለህ፤ ብዙ ግን አላጫወትሁህም። በጥቅምት ወር ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የቀረጹት ፊልም ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ የውጭ ሐኪሞች መጡ፤ ከእነርሱም አንዲቷን ዐሥራ አንድ ወይም ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተጠጋት። እናቱ በመጣች በሦስተኛው ቀን ሞታበት ነበር። ማንም ሳያዝዘው የሐኪሟን ቦርሳ መሸከም ጀመረ፤ ጧት ከድንኳኗ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ማታ ቦርሳውን አስረክቧት ይሄዳል። ውሎ አድሮ ቋንቋዋንም ለቀም ለቀም አደረገ፤ እርሷ የሕፃናቱን ዐይን ገልጣ ስታይ እርሱም ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ምልክቱንም ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ሰዉ «ትንሹ ዶክተር» ይለው ነበር። እርሷም ማታ ማታ ከእርሱ ጋር ተቀምጣ፣ እርሱ ቃሉን ሁሉ የማይረዳውን ነገር ረጅም ሰዓት ስትነግረው አያት ነበር።

ጊዜዋ አልቆ ስትሄድ አልቅሳ ነው የሄደች፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። በማግሥቱ ልጁ እንደ ልማዱ በጧት መጥቶ ባዶ እጁን ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመ። እኔ የመድኃኒት ሳጥኔን ሰጠሁት፤ ጥቂት ሳምንት ተሸከመልኝ። ከዚያ የሰፈራው ነገር መጣና ከአጎቱ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም። ያንተ መጽሔት ውስጥ ያገሬ ሕዝብ የታሪኩ መቼት ነው፤ ጋሻ ጃግሬውም፣ ከዳተኛዋም፣ ገዳዩም ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። እኔ ግን የጄሰንን ፊት በዚያ ልጅ ፊት እየተካሁ ነው ያነበብሁት፤ ስለዚህ ፍርዴ ትንሽ ያደላ ይሆናል።

አሁን ወደ ስልኩ ነገር ልግባ። ጄሰን ከፍንዳታው ይትረፍ ወይስ ይሙት የሚለውን አሳታሚዎቹ ለአንባቢው ተዉት፤ ሁለት የስልክ ቁጥሮች አትመው፣ አንዱን የደወለ ለሕይወቱ፣ ሌላውን የደወለ ለሞቱ ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉ። አንዱ ጥሪ 50 ሳንቲም ነበር፤ ጊዜው 36 ሰዓት። ሁለቱም መጨረሻ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። 5,271 ጥሪ ይኑር አለ፤ 5,343 ጥሪ ይሙት አለ። ልዩነቱ 72 ነው፤ ለአንድ ለቅሶ ድንኳን እንኳ የማይበቃ ሰው ማለት ነው። ታዛዥ ሮቢን ሲወዱ የኖሩ ሰዎች ልጁ እንደ ማንኛውም ልጅ ሲቆጣና ሲያምፅ ጊዜ ከኪሳቸው ከፍለው አስገደሉት። ወረቀት ላይ ያለ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ አንብቤው እንቅልፍ አጣሁ።

ከሞተ በኋላ ባትማን ልብሱን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አኑሮ ከዋሻው አቆመው፤ የመታሰቢያው ጽሑፍም «ጥሩ ወታደር» ይላል። ቤቱ ያደገ ልጅ ነበር እኮ! ጄሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ከሞት ተመልሶ፣ ፊቱን በቀይ ጭንብል ሸፍኖ ባትማን ፊት ሲቆም፣ ለምን አላዳንኸኝም ብሎ አልወቀሰውም፤ የገደለኝ ሰው እስከ ዛሬ ለምን በሕይወት አለ ነው ያለው። ባትማን ስለ ራሱ መሐላ መለሰለት፤ አንድ ጊዜ ነፍስ ካጠፋሁ መመለሻ የለኝም አለ። ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ልጁ የጠየቀው ግን እርሱ ለባትማን ምን ያህል እንደሚከብድ ነበር፣ ይህን ደግሞ አልመለሰለትም።

ሦስተኛው፣ ቲም ድሬክ፣ በ1989 የመጣው ማንም ሳይጠራው ነው። ባትማን ከጄሰን ሞት ወዲህ ለሕይወቱ መሳሳት መተዉን ከሩቅ አስተውሎ፣ ማንነቱንም በራሱ ብልሃት ደርሶበት፣ «ባትማን ሮቢን ያስፈልገዋል» ብሎ በሩን አንኳኳ። አንተም በስልክ ያልኸኝ ይህን ከሆነ ገብቶኛል። ጓደኛህን አውቀዋለሁ፤ አባትህ ያረፈ ጊዜ ወጉን ሳያውቅ መጥቶ ሦስት ቀን ከለቅሶው ቤት ሳይወጣ፣ ከሴቶቹ ጋር ቆሞ ሰሐን ሲያጥብ አይቼዋለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሌሊት ደውሎ የሚያነጋግረው አንተን ከሆነ፣ ከዚያ ቢጫ ፎጣ ጋር ተስማምቻለሁ፤ ዳግመኛ የሰው ተከታይ ብዬ አላማህም።

ነገር ግን ልጠይቅህ፤ ስምህ በማቋቋሚያው ውል ላይ አለ ወይ? ድርሻህ በወረቀት ሰፍሯል ወይስ «እኛ እኮ ወንድማማች ነን» በሚል ቃል ብቻ ነው ያለው? ድርጅቱ ያደገ ቀን ከውጭ ገንዘብ ይዘው የሚገቡ ሰዎች ይመጣሉ፤ እነርሱ ያንን ፎጣ አላዩትም፤ ይቆይ ወይስ ይሂድ ብለው ድምፅ የሚሰጡብህም እነርሱ ናቸው። ጓደኛህን አልጠረጠርሁትም። ይልቅስ እርሱም ይህን ደብዳቤ ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል፤ አማርኛውን አንተ ተርጉምለት። ያ ትልቅ መሥሪያ ቤት የጻፈልህንም ደብዳቤ አትቅደደው፣ ያነጋገረችህንም ሴትዮ በትሕትና አመስግነህ ጻፍላት፤ ሁለት ባላ ትከል የሚለውን ከአባትህ ስትሰማ አድገሃል።

ካርቶኖቹን የአክስትህ ልጅ ለፈረንጆች ገና ወደ አንተ ሲመጣ በመኪናው ያመጣልሃል፤ ከላይ በርበሬና ሽሮ ስላለበት ተጠንቅቆ ይጫነው። «ባትማን» የተባለውን መጽሔት 427ኛዋን ቁጥር ግን ለጊዜው እኔ ዘንድ አስቀርቻታለሁ፤ ሁለቱ የስልክ ቁጥሮች ከኋላ በኩል የታተሙባት እርሷ ናት። ትናንት ማታ፣ አትሳቅብኝና፣ መነጽሬን አድርጌ ልጁ ይኑር ለሚሉት የተሰጠውን ቁጥር ደወልሁ። ጥቂት ዝም አለና ቁጥሩ አገልግሎት እንደማይሰጥ የሚናገር የሴት ድምፅ መጣ፤ እስክትጨርስ ድረስ ሰማኋት።

እናትህ