የምህንድስና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከመሸከም ሌላ ሥራ የተሰጣቸው የመንገድና የሐዲድ ቁሶች

ክበባችን ዘንድሮ ይዞት የቆየው ጥያቄ አንድ ነው። መንገድና ሐዲድ የሚሠራበት ቁስ ጭነት ከመሸከም ሌላ ውሃ እንዲያሰርግ፣ ንዝረት እንዲያበርድ፣ ስንጥቁን ራሱ እንዲደፍን ሲጠየቅ ከዋናው ሥራው ምን ይጎድልበታል?

ሰፊውን ጊዜ የወሰደው ውሃ አሳላፊ ኮንክሪት ነው። በዚህ ቅይጥ ውስጥ አሸዋ አይገባም፤ ጠጠሩም መጠኑ ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ ደቃቁ ከተቀላቀለ ክፍተቱን ይሞላዋል። ጎኑ 15 ሳ.ሜ ለሆነ አንድ ኩብ 5 ኪ.ግ ባለ 10 ሚ.ሜ ጠጠር፣ 1.2 ኪ.ግ ሲሚንቶና 360 ግራም ውሃ ይበቃል። ጠጠሩ አስቀድሞ ውሃ ጠጥቶ ላዩ ብቻ መድረቅ አለበት፤ ደረቁን ካስገቡት ለሲሚንቶው የታሰበውን ውሃ ይመጠዋል።

ቅይጡ መድረሱ በእጅ ይታወቃል። ጓንት አድርጎ አንድ እፍኝ ጨበጥ ሲያደርጉት ድቡልቡል ሆኖ ከቆመና እያንዳንዱ ጠጠር እርጥብ ብረት መስሎ ካብለጨለጨ ደርሷል። እጅ ሲከፈት ከፈረሰ ውሃ አንሶታል፤ ከደረቀ በኋላ ጠጠሩ እየተፈለቀቀ ይወጣል። የሲሚንቶውና የውሃው ቡኮ ጓንቱ ላይ ከተንጠባጠበ ደግሞ ውሃው በዝቷል፤ ቡኮው ወደ ታች ይወርድና የኩቡን መቀመጫ ይደፍናል። እንዲህ ያለው ኩብ ከላይ ሲያዩት ቀዳዳ የሞላው ነው፤ ውሃ ግን አያሳልፍም። አየር በቀዳዳው ገብቶ ቶሎ ስለሚያደርቀው ወዲያው በላስቲክ ተሸፍኖ 7 ቀን ይቆያል።

ክፍተቱን ለማወቅ ኩቡን ደረቅ ሳለ፣ ቀጥሎም ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ መመዘን ነው። ለምሳሌ ደረቁ 6,400 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 3,700 ግራም ቢመዝን የጠጣሩ ይዘት 2,700 ሚ.ሊ ይሆናል። ከኩቡ ሙሉ ይዘት ከ3,375 ሚ.ሊ ሲቀነስ 675 ይቀራል፤ ይህም 20 በመቶ ነው። የሚፈለገው ከ15 እስከ 25 በመቶ ነው። ክፍተቱ በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ስለሚቀንስ ይህ ቁስ ለእግረኛ መንገድና ለመኪና ማቆሚያ እንጂ ከባድ ተሽከርካሪ ለሚመላለስበት ጎዳና አይመከርም። አቧራው በየጊዜው ካልተጠረገ ደግሞ ቀዳዳው ይደፈናል።

በሐዲድ በኩል ያተኮርነው ሐዲዱ ከሚያርፍበት የኮንክሪት አግዳሚ ሥር፣ ከጠጠሩ በላይ በሚነጠፈው ጎማ ላይ ነው። ነጭ ወረቀትና ካርቦን ወረቀት በጠጠርና በኮንክሪት መካከል ተደርጎ ክብደት ሲጫን፣ ኮንክሪቱ ጠጠሩን የሚነካው በጥቂት ነጥቦች ብቻ መሆኑ በወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጭነቱ በሙሉ በእነዚያ ነጥቦች ስለሚያልፍ የጠጠሩ ጠርዝ ይሰበራል፤ ደቃቁ ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ውሃ ማውረጃውን ይዘጋል። ጎማ ሲገባበት ምልክቱ ይበዛል፣ ይሰፋልም። ጎማው ከልክ በላይ ከለሰለሰ ግን ሐዲዱ ባቡሩ ሥር አብዝቶ ይጎብጣል፤ ብረቱ ቶሎ ይደክማል። ለስላሳ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም። ጠጠሩም ከድንጋይ ካባ ወጥቶ የተፈጨ፣ ጠርዛማ መሆን አለበት፤ የወንዝ ድቡልቡል ጠጠር እርስ በርሱ ስለማይያያዝ ይንሸራተታል።

ሬንጅ በክበቡ ውስጥ አልቀለጠም፤ ጭሱም ቃጠሎውም ለተማሪ አይሆንም። በንባብ ያየነው ግን ብዙ ነው። የተፈጨ ጎማ በሬንጁ ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ ገብቶ፣ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ገደማ ሲማሰል የሬንጁን ቀላል ዘይት ጠጥቶ ያብጣል፤ ቅይጡም ይለጠጣል። ሙቀቱ ካነሰ አያብጥም፤ ማማሰሉ ከቆመ ጎማው ይዘቅጣል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በኤ58 አውራ ጎዳና ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. የተነጠፈው አስፋልት ቀጫጭን የብረት ክር አለበት፤ በላዩ የሚያልፍ የኢንዳክሽን ማሽን (ብረትን ሳይነካ በመግነጢስ ኃይል የሚያግል) ክሩን ሲያግለው ሬንጁ ይለሰልስና ስንጥቁን ይሞላል። ክሩ በደንብ ካልተበተነ ተጠቅልሎ እብጥ ይፈጥራል፤ ያ ቦታ ብቻውን ይጋላል፣ ሌላው ሳይድን ይቀራል።

ለቀጣዩ ዓመት የተያዘው ሥራ ከብረት ማቅለጫ የሚወጣው ዝቃጭ ነው። ጠጣርና ሸካራ ስለሆነ ለአስፋልት ጥሩ ጠጠር ይወጣዋል፤ ነገር ግን ውስጡ የቀረው ኖራ ውሃ ሲያገኝ እየተነፋ መንገዱን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከመነጠፉ በፊት ለወራት ደጅ ተከምሮ እርጥበት ሊያገኘው ይገባል። ተረካቢ አባላት ከዝቃጩ የተሠሩትን ዘንጎች ውሃ ውስጥ አኑረው ርዝመታቸውን በየወሩ በካሊፐር ይለኩ። መለኪያው ሁልጊዜ በተመሳሳይ የውሃ ሙቀትና በተመሳሳይ ምልክት ላይ ይያዝ፤ አለዚያ የዝቃጩ መነፋት ከመለኪያው ስህተት አይለይም።