የቺፑን ዋት ብቻ አትንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአንጎልን አሠራር ተከትለው ስለሚሠሩ ቺፖች ጽሑፍ ማውጣታችሁ ያስመሰግናል። «አንጎል በ20 ዋት ይሠራል፤ አዲሶቹ ቺፖችም እዚያ ደርሰዋል» የሚለው ግን መታረም አለበት። ኢንቴል በ2024 ይፋ ያደረገውና በአሜሪካ ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተተከለው ሃላ ፖይንት የተባለ ባለብዙ ቺፕ ኮምፒውተር 1.15 ቢሊዮን ሰው ሠራሽ ነርቮች ይዞ እስከ 2,600 ዋት ይወስዳል። የሰው አንጎል ያሉት ነርቮች 86 ቢሊዮን ገደማ ናቸው።

ቁጠባው ግን እውነት ነው፤ ከየት እንደሚመጣ መታወቅ አለበት እንጂ። በተለመደው ኮምፒውተር ኃይሉን በአብዛኛው የሚበላው ስሌቱ ሳይሆን ዳታው በሜሞሪና በማስሊያው ክፍል መካከል የሚያደርገው ምልልስ ነው። በ45 ናኖሜትር ቺፕ ላይ ሁለት ባለ32 ቢት የነጥብ ቁጥሮችን መደመር 0.9 ፒኮጁል (ፒኮጁል የኃይል መለኪያው የጁል አንድ ትሪሊዮንኛ ነው) ገደማ ሲፈጅ፣ አንዱን ቁጥር ከዲራም፣ ማለትም ከቺፑ ውጭ ካለው ሜሞሪ፣ ማምጣት ግን ወደ 640 ፒኮጁል ይጠይቃል፤ ከ700 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የአይቢኤም ቺፕ የሆነው ትሩኖርዝ በ2014 1 ሚሊዮን ነርቮችን በ70 ሚሊዋት ገደማ ማሠራት የቻለው ሜሞሪውን በ4,096 ኮሮቹ (ትናንሽ የማስሊያ ክፍሎቹ) ውስጥ አከፋፍሎ ስላስቀመጠ ነው። በ2023 የወጣው የአይቢኤም ኖርዝፖል ቺፕም 224 ሜጋባይት ሜሞሪ እዚያው ቺፑ ላይ አለው። ጥቅሙም ገደቡም ይኸው ነው፤ እዚያ የማይገባ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በብዙ ቺፖች ላይ መከፋፈል ይኖርበታል።

ሌላው ቁጠባ ነርቮቹ ምልክት፣ ማለትም ስፓይክ፣ የሚልኩት ሲያስፈልግ ብቻ ከመሆኑ የሚገኝ ነው። ካሜራው ፊት የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ አብዛኛው ቺፕ ያርፋል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተለመደ ሞዴል እንዳለ ተወስዶ በስፓይክ ብዛት እንዲሠራ ሲለወጥ፣ ባለ8 ቢት የሆነ (ከ0 እስከ 255 የሚደርስ) አንድ ቁጥር ለመግለጽ እስከ 255 ስፓይክ ሊያስፈልግ ይችላል። እያንዳንዱ ስፓይክ ደግሞ ሜሞሪ ያስነብባል። እንዲህ ሲሆን ቁጠባው ይቀልጣል፤ ሞዴሉ ከመጀመሪያው በጥቂት ስፓይክ እንዲሠራ ሆኖ መሠልጠን አለበት።

ዋት ብቻውንም አያወዳድርም፤ በጁል የሚለካው ጠቅላላ ፍጆታ ዋቱ በፈጀው ሰከንድ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። 2 ዋት የሚወስድ ቺፕ አንድ ምስል ለመለየት 100 ሚሊሰከንድ ከፈጀበት 0.2 ጁል አወጣ። 10 ዋት የሚወስደው በ10 ሚሊሰከንድ ከጨረሰ ግን 0.1 ጁል ብቻ ነው።

በባትሪ የሚሠራ ካሜራ እናስብ፤ ባትሪው 10 ዋት-ሰዓት፣ ሌንሱና ቦርዱ 300 ሚሊዋት የሚወስዱ ይሁኑ። የ1 ዋቱን ቺፕ አውጥተን የ70 ሚሊዋቱን ብንተካ ቺፑ 14 እጥፍ ቆጠበ ይባላል፤ ባትሪው ግን የሚቆየው ከ8 ሰዓት ገደማ ወደ 27 ሰዓት ነው፤ 3.5 እጥፍ ብቻ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዘገባችሁ ቺፑ ለአንድ ውሳኔ ስንት ጁል እንደሚፈጅ፣ በምን ያህል ትክክለኛነት እንደሚሠራ፣ ልኬቱ ምስሎችን አንድ በአንድ በማስገባት ይሁን በጅምላ፣ ሜሞሪውና ቦርዱም ተቆጥረው እንደሆነ አምራቾቹን ጠይቃችሁ እንድታወጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ