ግልጽ ደብዳቤ፦ ኩባያው ላይ የተፈቀደ፣ አቤቱታዬ ላይ የተከለከለ

ለሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በአደባባይ የምጽፍልዎ በውስጥ መስመር መመላለስ ስለሰለቸኝ ነው። መዝገብ ቤትዎ የአቤቱታዬን ቁጥር ያውቀዋል፤ እርስዎም ደንቡን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ስለዚህ አንቀጽ እየጠቀስኩ አላደክምዎትም፤ የሆነውን ልንገርዎ።

አቤቱታዬ ስለ አንድ ኩባያ ነበር። ሆዱ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ዓይነት ፊደል፣ እናትን የሚያነሣ ስድብ ታትሞበታል። ይኼው ስድብ ያለባቸው ካልሲና ማስታወሻ ደብተርም አብረውት ነበሩ። ሁሉም የተደረደሩት በታችኛው መደርደሪያ፣ ከልጆች ባለቀለም እርሳስ ጎን ነው።

የመሥሪያ ቤትዎ የኢንተርኔት ቅጽ «በምርቱ ላይ የተጻፈውን እንዳለ ያስፍሩ» ይላል። እንዳለ አሰፈርኩት። ቅጹ ግን «ጽሑፍዎ ተገቢ ያልሆነ ቃል ስለያዘ ሊላክ አይችልም» ብሎ መለሰልኝ። ቃሉን በነጠብጣብ ሸፍኜ ላክሁት። ሰንብቶ መልስ መጣ፦ አቤቱታ አቅራቢው የሚቃወሙትን ጽሑፍ በግልጽ ስላላመለከቱ ጉዳዩ ተዘግቷል!

ቃሉን ብጽፈው ባለጌ ነኝ፤ ባልጽፈው ማስረጃ የለኝም። ፎቶግራፉን ይዤ በአካል መጣሁ። መዝገብ ቤት ያሉት ሴት አዩት፣ ደነገጡ፣ ከዚያም ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ባለጉዳይ ያየዋል» አሉኝ።

እሳቸውን አልከሰስኩም፤ እንዲያውም ከመሥሪያ ቤትዎ ሥራው የገባቸው እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል። ጎልማሶች ብቻ በሚሰለፉበት መስኮት ላይ ያንን ጽሑፍ ማጋለጥ ነውር ሆኖ ከታያቸው፣ እርስዎ የሚቆጣጠሩት ሱቅ በልጅ ዐይን ትክክል ሲደረድረው እንዴት ነው «የሸማች ምርጫ» የሚሆነው?

የሱቁንም ነገር ልንገርዎ። የእህቴ ልጅ ገና ማንበብ የጀመረች ናት። ያገኘችውን ሁሉ፣ ታርጋም ይሁን የሳሙና መጠቅለያ፣ ጮክ ብላ ታነባለች። ኩባያውንም አነበበችው፤ ሳትሳሳት፣ እንደ ተማረችው። ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!» ብሎ ጮኸባት። ቃሉን ገዝቶ ያመጣው፣ ዋጋ የለጠፈበትና የሚያተርፍበት ሰው ነው የጮኸው። ልጅቷ የተቆጣት በማንበቧ መስሏት ለጥቂት ጊዜ በሰው ፊት ማንበብ ፈርታ ነበር። በቅጽዎ ላይ ይህን የምሞላበት ሣጥን አጣሁ።

የሕግ ክፍልዎ በመጨረሻ የላከልኝ ገጽ ሐሳብን ስለ መግለጽ ነጻነት ነው፤ አሜሪካ ድረስ ሄዶ የጃኬቱን ክስ ጠቅሷል። አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ወጣት የግዳጅ ምልመላን የሚሳደብ ጃኬት ለብሶ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ በመገኘቱ 30 ቀን ተፈርዶበት ነበር፤ በ1971 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው። ደግ አደረገ እላለሁ። ወጣቱ ጦርነት የሚቃወም ሰው ነበር፤ የሚለው ነበረው። ኩባያው የሚለው ምንድን ነው? ማንን ነው የሚቃወመው? ፍርድ ቤቱ ቅር ያለው ሰው ዐይኑን ማዞር ይችላል ብሎ ነበር። ማንበብ የጀመረች ልጅ ግን ዐይኗን የምታዞረው ካነበበች በኋላ ነው።

ክፍልዎ ያንን ውሳኔ ሲጠቅስ፣ ያው ፍርድ ቤት በ1978 የወሰነውን ለምን ዘለለው? በዚያ ክስ አንድ አባት ከልጁ ጋር መኪና ውስጥ ሆኖ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ስለ ሰማው ብልግና አመለከተ፤ ፍርድ ቤቱም ተቆጣጣሪው አካል ሰዓቱንና የልጆችን መኖር ማየት ይችላል አለ። የዚሁ ፍርድ ቤት የ2019 ውሳኔም ጸያፍ ስም በንግድ ምልክትነት እንዳይመዘገብ የሚከለክለውን ድንጋጌ ሻረ እንጂ ስለ መደርደሪያ ቁመት አንድም ቃል አልተናገረም። ሬዲዮ ሰዓት አለው፣ ፊልም የዕድሜ ገደብ አለው፤ ኩባያና ካልሲ ግን ምንም የላቸውም።

ይታገድ አላልኩም። ይህን ደጋግሜ ጽፌያለሁ፣ ክፍልዎ ደግሞ ደጋግሞ «እገዳ የጠየቁት» እያለ ይጠራኛል። አዋቂ ሰው በስድብ ቡና መጠጣት ካማረው ይጠጣ፤ ጣዕም በሕግ አይታዘዝም። (አንድ ፊደል በኮከብ ተክተው «ሸፍነነዋል» የሚሉትን አምራቾች ግን ማንን እንደሚያታልሉ አላውቅም።) የጠየቅሁት ሠራተኛዎ በፎቶግራፉ ላይ ያደረጉትን ነው፦ ጽሑፉ ወደ ግድግዳ ይዙር፣ ዕቃው ከላይ ይቀመጥ፣ ከልጆች ዕቃ ይራቅ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ስለ ዕቃ አቀማመጥ ለሱቆች ሰርኩላር ስትጽፉ አይቻለሁ፤ ስለ ሲጋራ ጽፋችኋል።

ወደ ንግድ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ መርታችሁኝ እነሱም ወደ እናንተ መልሰውኛል፤ የአብዬን ወደ እምዬ። ስለዚህ የተዘጋው አቤቱታ ይከፈት፣ በእርስዎ ፊርማም ምላሽ ይሰጠው። «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚለውን እንዳይልኩልኝ፤ እሱ ደርሶኛል።

አቤቱታ አቅራቢው