ወፍ ጠባቂው ልጅዎ ወፍ ቆጠረ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? አቀበቱን መውጣት እንዳቃተዎት እህቴ ነግራኛለች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ የጻፍኩልዎት፣ በስልክ ገና ሰላም እንደተባባልን «ሂሳቡ ይቆጥርብሃል» ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው። ይሄን ደግሞ ተረጋግቼ ልነግርዎት ፈለግኩ። የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

ባለፈው ቅዳሜ ወፍ ስቆጥር ዋልኩ።

እዚህ ሚኒሶታ ብርዱ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ነበር። የሸዋ ሮቢት ሰው እንዲህ ያለ ብርድ ምን እንደሚመስል እንዴት ላስረዳው? ትንፋሽ ሽፋሽፍት ላይ በረዶ ሆኖ ይቀራል። የእስክሪብቶ ቀለም ስለሚረጋ ሁላችንም እርሳስ ይዘን ነው የወጣነው። የላኩልኝን ጋቢ ከጃኬቱ ሥር ደርቤ ነበር። እሱ ባይኖር እስከ ቀትር አልቆይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 5 እስከ 27 ባለው ጊዜ፣ በየአካባቢው አንድ ቀን ተመርጦ ሕዝቡ ወፍ ሊቆጥር ይወጣል። ድሮ እዚህ አገር ለገና ጠመንጃ ይዞ ወጥቶ፣ ማን ብዙ ገደለ ብሎ መወዳደር ልማድ ነበር። በ1900 በፈረንጆቹ፣ ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የወፍ ሊቅ «መግደሉን ትተን እንቁጠር» አለ። በዚያ ገና የወጡት 27 ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በአስር ሺዎች ይወጣሉ። ቦታው ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ነው። በየዓመቱ ያው ክብ ይቆጠራል። የአንድ ዓመቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሃምሳና የመቶ ዓመቱ ሲደረደር ግን የትኛው ወፍ እየበዛ፣ የትኛው እያለቀ እንደሆነ ይታያል።

የኛን ቡድን የምትመራው በእርስዎ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። አንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርጋ አስቆመችኝ። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች። ቺካዲ ትባላለች፤ ስትጮህ ራሱ ስሟን ነው የምትጠራው። ጭንቅላቷ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ። ክብደቷ 11 ግራም ቢሆን ነው። ላባዋን ነፍታ እንደ ጥጥ ድብልብል ብላለች። በሁለት እግሮቿ አንድ የሱፍ ፍሬ ይዛ በመንቁሯ ትቀጠቅጣለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቅርፊቱ በረዶው ላይ ሲወድቅ ይሰማኝ ነበር። ለካ ይቺ ወፍ በመኸር ፍሬውን አንድ በአንድ በየግንዱ ስንጥቅ ትደብቃለች፤ ብርዱ ሲመጣ የደበቀችበትን አስታውሳ ታወጣለች። ጎተራዋ ዛፉ ነው። ሌሊት ደግሞ የሰውነቷን ሙቀት ቀንሳ፣ ጉልበቷን ቆጥባ ታድራለች።

ከዚያ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ወረድን። ውሃው ያልረጋበት ቦታ እንደ ድስት ይጨሳል። ዛፉ ላይ ራሱ ነጭ የሆነው ንስር ተቀምጧል። ያ በልጅነቴ የወባ ሠራተኞች ግድግዳችን ላይ ይረጩት የነበረው ዲዲቲ ትዝ ይልዎታል? እዚህ ማሳ ላይ ይረጭ ነበር። ከማሳው ወደ ውሃ፣ ከውሃው ወደ ዓሣ፣ ከዓሣው ወደ ንስሩ ገባ። የእንቁላሉ ቅርፊት ስለሳሳ እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ጀመር። በ1972 በፈረንጆቹ ተከለከለ። ቅዳሜ ያን ንስር እዚያ ቆሜ አየሁት። በእርሳሴ «1» ብዬ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከብርዱ ብቻ አልነበረም።

አባባ፣ አሁን ዋናውን ልንገርዎት።

ወንዙ ዳር ሳለን የዝይ መንጋ ከሰማይ መጣ። ሴትዮዋ «ስንት ናቸው?» አለችኝ። ሳላስበው «340» አልኩ። አንዱ ፎቶ አንስቶ ነበርና ቁጭ ብሎ ቆጠረው። 352 ሆነ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። የት ተማርክ ሲሉኝ «አባቴ ማሽላ ማሳ ውስጥ» አልኳቸው።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በኅዳር፣ ግሪሳ መጥቶ ከትምህርት ቤት አስቀርተውኝ ማማ ላይ ያወጡኝን ያስታውሳሉ? ወንጭፍ ሰጡኝ። ጥንቅሽ ቆርጠው አጠገቤ አስቀመጡልኝ። «አንድ በአንድ አትቁጠር፣ ይጠፋብሃል። አስሩን ለይና የያዙትን ቦታ በዓይንህ ያዝ። ከዚያ እህል በቁና እንደሚሰፈር መንጋውን በዚያ ስፈረው። መቶ ከሆነ ራስህ አባር፣ ካለፈ ጥራኝ» አሉኝ። እኔ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። ጓደኞቼ ደብተራቸውን ይዘው በመንገዱ ሲያልፉ እያየሁ አለቅስ ነበር። ያንን ቂም ይዤ ነው ያደግኩት፤ አሜሪካ ድረስም ይዤው መጣሁ። አንድም ቀን ነግሬዎት አላውቅም። ያ ማሽላ ባይተርፍ ዓመቱን ምን እንበላ ነበር ብዬ የጠየቅኩት ራሴ አባት ከሆንኩ በኋላ ነው። ቅዳሜ ያ ሁሉ ለቀቀኝ። ይቅር ይበሉኝ አባባ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። በመስከረም መጥታ በከብቶቹ እግር ሥር የምትሮጠውን፣ ሆዷ ቢጫ የሆነችውንና ጭራዋን የምትነቀንቀውን ወፍ ያውቋታል። እኔ የኛው ወፍ ትመስለኝ ነበር። ለካ የምትፈለፍለው አውሮፓ ነው፤ ክረምታቸውን ሽሽት ነው እኛ ጋ የምትመጣው። አንድ ጠዋት ከብቶቹ ሲወጡ ከልጅቷ ጋር በር ላይ ቁጭ ብለው ይቁጠሩልኝ። ቀኑንና ቁጥሩን እሷ ትጻፈው። በቁና መስፈሩንም ያሳዩዋት።

ልጅዎ