ዋንጫው ለንደን ይቀራል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ኅዳር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ክብር ለፈጣሪ ይሁንና ደህና ነኝ። እናትህን ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ትንሽ ይይዛቸዋል እንጂ ሌላው ሁሉ እንደምታውቀው ነው፤ ቡናውን አሁንም ራሳቸው ካልቆሉት ቡና አይመስላቸውም። ስትደውል ድምፅህ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግራቸው ቀስ ብሎ ያውራ በልልኝ ብለውኛል።

ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ስልኬ ላይ ስምህን ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ክፉ ወሬ መሰለኝ። ስከፍተው «አርሰናል እያሸነፈ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ምን ሆኜ ነው?» ይላል። አቦ! እንዴት ደስ እንዳለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ «እንኳን አደረሰህ» ብቻ ስንባባል ከርመን፣ መልሶ ያገናኘን ኳስ ሆነ። እዚያው ስልኩ ላይ በሁለት መስመር ልመልስልህ ጀመርኩና ተውኩት። ጥያቄህ ከዚያ በላይ ይገባዋል፤ እኔም ብዙ ሳስበው የኖርኩት ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ አንድ ሽማግሌ ልንገርህ። ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ጣቢያው ፊት ለፊት ዛፉ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ እኛ አገር ሲዘጋጅ አንዱ ምድብ እዚህ ድሬዳዋ እንደነበር ታውቃለህ፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ)። ኢትዮጵያ አዲስ አበባው ምድብ ስለነበረች የድሬ ሰው ስታዲየም ገብቶ ያየው አራት የሰው አገር ቡድን ነው። ዛየር የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጀርመን ላይ ዓለም ዋንጫ ተጫውታለች። ድሬ መጥታ ግን በናይጄሪያ 4 ለ 2፣ በሞሮኮ 1 ለ 0 ተሸንፋ፣ ከሱዳን 1 ለ 1 ወጥታ፣ አንድም ሳታሸንፍ ተመለሰች። ዋንጫውን በኋላ ሞሮኮ ወሰደች፤ እሱንም አሸንፋ አይደለም፣ በመጨረሻው ጨዋታ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ አቻው ስለበቃት ነው።

ይህን ሁሉ ውጤት የምነግርህ ግን እኔ ነኝ። ሽማግሌው አያስታውሱትም። ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። አንድ የዛየር ተጫዋች ከላይ የመጣችን ኳስ በደረቱ እንዴት አድርጎ እግሩ ሥር እንዳስቀመጣት፣ ተከላካዩ ወዴት እንደሄደ፣ እሱ በየት በኩል እንደወጣ፣ በከዘራቸው አቧራው ላይ መስመር እየሠሩ አሳዩኝ። አንዷን መስመር ሁለቴ አጥፍተው እንደገና ሠሯት፤ ማዕዘኗ ልክ አልመጣላቸውም። «ማን አሸነፈ ታዲያ?» ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

ቀጥዬ ስለ ጥጥ ማኅበር ጠየቅኳቸው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮናን ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ድሬ ማምጣቱን አባቶቻችን ስንቴ ነግረውናል፤ እሳቸውም ልጅ ሆነው ያዩት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ማንን ስንት ለስንት፣ ማን እንዳገባ፣ የትኛው አጥር ላይ ተንጠልጥለው እንዳዩ፣ ሁሉም አለ። «ጎሉ እንዴት ገባ?» አልኳቸው። «ገባ ነዋ!» አሉኝ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሟቸው።

ከዚያ ወዲህ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰው ለሰው ቡድን ዓይኑን ይሰጣል፤ ለራሱ ቡድን ግን ሆዱን ነው የሚሰጠው። ዓይን ቆንጆ ነገር ይፈልጋል። ሆድ የሚያርፈው ዳኛው ጨዋታው አበቃ ሲል ነው። ደጋፊ ውበት ይወዳል ወይስ ውጤት እያሉ የሚከራከሩ ሰዎችን ስሰማ መጀመሪያ የማን ቡድን ነው ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አርሰናልን ስንይዝ የሰው ቡድን ነበር። የለንደንን መንገድ አናውቅም፣ ከዚያ ሰፈር ዘመድ የለንም። ያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን የምንሄድበት ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚው ላይ ተጣበን የተቀመጥነው ለሄንሪና ለቤርካምፕ ብለን ነው። ሄንሪ ከግራ መስመር ተነስቶ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ፣ ገና ሳይመታት፣ ቤቱ በሙሉ ይነሣ ነበር። ጎል ለመሆኗ ማን አውቆ? የተነሣነው አካሄዱን አይተን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003/04 አርሰናል አንድም ሳይሸነፍ የእንግሊዝን ሊግ ሲበላ ከ38 ጨዋታ 26ቱን አሸንፎ 12ቱን አቻ ነበር የወጣው፤ 90 ነጥብ። በዓመቱ የሞሪንሆ ቼልሲ 15 ጎል ብቻ ተቆጥሮበት በ95 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ። በቁጥር ከሄድን የቼልሲው ይበልጣል። እስቲ ግን ድሬ ውስጥ ከእኛ ዕድሜ ሰው ማንንም አስቁመህ ጠይቅ፣ የትኛውን ቡድን በስም እየጠራ ከበረኛው ጀምሮ ይቆጥርልሃል? የቼልሲ ልጆች ይቀየሙኝ እንጂ መልሱን እነሱም ያውቁታል።

ከዚያ የደረቁ ዓመታት መጡ። ከ2005ቱ የኤፍኤ ዋንጫ እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ድረስ አንድም ዋንጫ የለም። አንተ ማልያህን አልቀየርክም። ሰው ሲያሾፍብህ፣ ሰኞ ሰኞ ሰፈር ውስጥ መታየት ሲያስጠላህ፣ አልቀየርክም። እኔ የማስበው አርሰናል ያንተ የሆነው በእነዚያ ዓመታት ነው፣ በድሉ ጊዜ አይደለም። ከዓይንህ ወደ ሆድህ የወረደው ያኔ ነው። ስለዚህ እንደ ሽማግሌው የጥጥ ማኅበር ውጤት ብቻ ትጠይቀው ጀመር፤ እሱም ቀስ እያለ ሰጠህ። ከኮርና በቴስታ አግብቶ፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ፣ ሰዓቱን ቆጥሮ ይወጣል። ሆድህ ጠገበ፤ ዓይንህ ግን በመጀመሪያ የመጣበትን ነገር እያጣ ነው። እንቅልፍ የሚወስድህ ለዚህ ይመስለኛል።

ኳሱን የሚያስተዳድሩትም ይሄን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓለም ዋንጫ ጣሊያን ላይ በ52 ጨዋታ 115 ጎል ብቻ ሲገባ፣ ተከላካይ ለበረኛው እየመለሰ፣ በረኛው በእጁ እያነሣ ሰዓት ሲበላ፣ ዝም ብለው አላዩም። በ1992 በእግር የተመለሰችን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይዝ ከለከሉ፤ በ1994ቱ ዓለም ዋንጫ ደግሞ ለአሸናፊ ሦስት ነጥብ ሰጡ። ቡድን ለራሱ ከተተወ ለውጤት ብሎ ጨዋታውን እንደሚገድል ስላዩ በሕግ አስገደዱት።

እና እኔ እንዲህ አምናለሁ። አርሰናል ዋንጫ ቢበላ ዋንጫው ለንደን ይቀራል። በአውቶቡስ የሚዞረው በእነሱ ሰፈር ነው፣ ገንዘቡ የእነሱ ነው፣ ደስታውም ለልጆቻቸው የሚተላለፍ የእነሱ ነው። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ እኛ ጋ የሚደርሰው ጨዋታው ብቻ ነው። ሄንሪ ሲታጠፍ ያየሁት የራሴ ነው፤ ማንም አይወስድብኝም። ስለዚህ ከሩቅ ቡድን ውበትን መጠየቅ መብታችን ነው እላለሁ፤ ባይሰጠን ደግሞ መናደድ ያምርብናል። ቀዝቅዞ 1 ለ 0 ለእኛ ምን ያደርግልናል?

በከተማችን ቡድን በድሬዳዋ ከነማ ግን እንዳትመጣብኝ። እዚያ ሌላ ሰው ነኝ። ብርቱካናማዎቹ ላለመውረድ በሚታገሉበት ጊዜ በአስቀያሚ ጎል፣ በተከላካይ እግር ተጨርፋ በገባች ኳስ ቢያሸንፉ ድምፄ እስኪዘጋ ነው የምጮኸው። ምክንያት አለኝ። የአገራችን ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ስለሚካሄድ ቡድናችን የዓመቱን ብዙውን ጨዋታ በሰው ከተማ ነው የሚጫወተው። ተራው ድሬ ሲደርስ፣ ሳቢያን ብትል ገንደ ቆሬ፣ ባጃጁ ሁሉ ወደ ስታዲየም ነው የሚያቀናው። እዚያ አጥሩ ጋ የቆመው ልጅ ነገ እዚህ ማልያ ውስጥ ልገባ እችላለሁ ብሎ ነው የሚያየው። ቡድኑ ከወረደ ያ ልጅ የሚታይበት ቦታ ይጠባል። እዚህ ውጤቱ እኛው ጋ ነው የሚቀረው፤ መጥፎውም፣ ጥሩውም። እዚህ ላይ አብዶ የሚሠራልኝ አልፈልግም፤ ኳሷን አጥሩን አሻግሮ ይምታልኝ!

ለዚህ ሁሉ ግን አንድ አልገባ ያለኝ ቀን አለ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ማግሥት። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ደቡብ አፍሪካ ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር የተጫወትነው። ያቺ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን ከኋላ እየተነሣን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ካነሣንበት ቀን ጋር አንድ መሆኗን ያኔ ልብ ብለህ ነበር? ሳላዲን ሪጎሬ ሳተ፣ ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ጎል ገባብን፤ በዐሥር ሰው ወጥተን አዳነ ግርማ አገባ። አቻ ነው እኮ! ቡድኑ የራሳችን፣ ውጤቱ አቻ፣ ግን ከዚራ እስከ መጋላ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይተቃቀፍ ነበር። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከምድቡ መጨረሻ ሆነን ተመለስን፤ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውን ልጆች ግን እስከ ዛሬ የሚጠላቸው ሰው አላገኘሁም። በደንብ ተጫውተው ስለነበር ብቻ አይደለም፣ በተቆራረጠ ቅብብል የሄደ ጊዜም ነበር። ስላሸነፉም አይደለም። እንዳልፈሩ አይተናል፤ ሰው ጎድሎባቸው ወደ ፊት ሄዱ። ከውበትና ከውጤት ሌላ ደጋፊ የሚጠይቀው ሦስተኛ ነገር ካለ ይሄ ነው፤ ምናልባትም ከሁለቱ ይበልጣል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ደግሞ ሦስቱም አንድ ላይ መጡና ማንም ከማንም ጋር አልተከራከረም።

አሁን ልቤን የሚያሳዝነኝን ልንገርህ። በቀደም እዚያው የድሮው ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ጣሪያው ያው ቆርቆሮ ነው፣ ቬንትሌተሩ ያንኑ ሙቅ አየር ያዞራል፤ አግዳሚዎቹ ግን በፕላስቲክ ወንበር ተቀይረዋል። አጠገቤ የዩናይትድ ማልያ የለበሰ ልጅ ተቀምጧል፣ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ዩናይትድ ላይ ጎል ሲገባበት ዘሎ ተነሥቶ ጮኸ። የተሳሳተ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። መዳፉ ውስጥ የቤቲንግ ትኬት አለ፤ ላቡ አርሶት ቁጥሮቹ ሊጠፉ ደርሰዋል። «ሁለቱም ያገባሉ ብዬ ነው የቆረጥኩት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን አላየም፤ ስልኩ ላይ ሌላ አገር ያለ፣ ስሙን እንኳ በደንብ የማይጠራው ቡድን ውጤት ነበር የሚጠብቀው። እሱ ጎል አልባ ሲያልቅ ትኬቱን ቀዳዶ ጣለና ጨዋታው ሳያልቅ ወጣ።

ይሄ ልጅ ዓይኑንም ሆዱንም አልሰጠም፤ ያለውን ሁሉ ለትኬቷ ነው የሰጣት። እኔና አንተ ለአንድ ቅብብል እስከ እኩለ ሌሊት ስንጨቃጨቅ እናትህ ጎረቤት ቀሰቀሳችሁ ብለው ይቆጡን ነበር። የዛሬዎቹ ልጆች ጨዋታው ሲያልቅ የሚጨቃጨቁበት የላቸውም፤ ተበላሁ ወይም በላሁ ብለው ይበተናሉ። በጣም አዝናለሁ። ውበት ይሻላል የሚልም ሆነ ውጤት ይሻላል የሚል፣ ሁለቱም ኳስ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ክርክሩ ራሱ የፍቅር ነው። ስለዚህ «ምን ሆኜ ነው?» ላልከኝ፣ ምንም አልሆንክም። እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ገና ጨዋታውን እያየ ያለ ሰው ነው።

አንተም መልስህን በደንብ ጻፍልኝ፤ በሁለት መስመር አልቀበልም። የማልስማማበት ካለህ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ልጅህ የማን ደጋፊ ሆነ? በራሱ መረጠ ወይስ አንተ ገፋኸው? ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ትመጣላችሁ የሚል ወሬ ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ ልጁን ይዘኸው ና፤ ከነማ የትም ይሁን የት አብረን እናየዋለን። ብርቱካናማውን ማልያ እገዛለታለሁና ልኩን ቀደም ብለህ ላክልኝ።

ወንድምህ